ከ11 ማመልከቻ በኋላ፦ የአንዲት እህት ጉዳይ

ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ ነው። ለንደን ውስጥ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ሻይ እየጠጣን ሳለ አንዲት እህት ጠጋ አለችኝ። በመልክ እንጂ በቅርበት አላውቃትም ነበር። «እትዬ፣ ነርስ ነሽ አሉኝ። እስቲ ይህን እዪልኝ» ብላ ስልኳን ሰጠችኝ። 11 ኢሜይሎች ተደርድረዋል። ሁሉም የሚሉት አንድ ነው። ስላመለከቱ እናመሰግናለን፤ በዚህ ዙር ለቃለ መጠይቅ አልተመረጡም።

11ዱም የተላኩት በሰባት ወር ውስጥ ነው። የጠየቀችውም አንድ ዓይነት ሥራ ነው። በእንግሊዝ የመንግሥት ጤና አገልግሎት፣ ማለትም በኤን ኤች ኤስ፣ ሄልዝኬር ሰፖርት ወርከር የሚባለው። የነርስ ረዳት እንበለው። በሽተኛ ያጥባል፣ ያበላል፣ ያገላብጣል፣ ሙቀትና የደም ግፊት ይለካል፣ የለካውን ይመዘግባል። በደመወዝ እርከን ከዝቅተኞቹ፣ ማለትም ከባንድ 2 ወይም ከባንድ 3፣ ይመደባል። ዲግሪ አይጠይቅም። ታዲያ 11 ጊዜ ለምን ትወድቃለች?

ማመልከቻዎቹን ላኪልኝ አልኳት። ከዚያ በኋላ ያለውን ነው ዛሬ የምጽፈው። የምጽፈውም እሷ ስለፈቀደች ነው። «ሌላው ከሚደክም ጻፊው፤ ስሜን ብቻ ተዪው» ብላኛለች። ስለዚህ ስሟም፣ ሆስፒታሎቹም፣ ያገለገለችበት ቀበሌም እዚህ የሉም።

የላከችው ጽሑፍ

እንግሊዝ አገር የሥራ ፎርም ላይ ስም፣ ትምህርትና የሥራ ልምድ ተሞልቶ ሲያበቃ አንድ ትልቅ ባዶ ሳጥን ይመጣል። ሰፖርቲንግ ስቴትመንት ይሉታል። ለዚህ ሥራ የምትሆኚው ለምንድን ነው፣ በራስሽ ቃል አስረጂን ነው ነገሩ። ብዙ ሰው ዋናው ሲቪ ይመስለዋል። ነገር ግን በሆስፒታል፣ በማዘጋጃ ቤትና በዩኒቨርሲቲ ማመልከቻዎች ላይ ብዙውን ጊዜ የሚመዘነው ይህ ሳጥን ነው።

እሷ የጻፈችው በእንግሊዝኛ ነው። ሐሳቡን ወደ አማርኛ ልመልሰው።

«እኔ ታታሪ፣ ታማኝና ሰዓት አክባሪ ሰው ነኝ። ከሰዎች ጋር ተግባብቼ መሥራት እወዳለሁ። በቡድንም በግልም መሥራት እችላለሁ። አረጋውያንን መንከባከብ ሁልጊዜ ምኞቴ ነው። ሆስፒታላችሁ ታዋቂ ስለሆነ አብሬያችሁ ብሠራ ደስ ይለኛል። ዕድሉን ከሰጣችሁኝ አላሳፍራችሁም። በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ።»

ከዚህ ብዙም አይረዝምም። ከአንዱ በቀር ለሁሉም ሆስፒታል የሄደው ይኸው ነው። የሆስፒታሉ ስም እንኳ ስላልተጠቀሰ መቀየር አላስፈለገውም።

አንብቤ ዝም አልኩ። ውሸት የለበትም። ሴትዮዋ እውነትም ታታሪ ናት። ግን ይህን አጻጻፍ አውቀዋለሁ። አገር ቤት የተማርነው ማመልከቻ ነው። «ጉዳዩ፦ ሥራ ስለመጠየቅ» ተብሎ ይጀመራል፤ «ስለሚደረግልኝ ትብብር በቅድሚያ አመሰግናለሁ» ተብሎ ይዘጋል። እዚያ ማመልከቻው ጥያቄ ብቻ ነው። ማስረጃው ኮፒ ተደርጎ በአባሪነት ይያያዛል። ዲፕሎማው፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤው፣ ማኅተሙ ይናገርልሻል። እዚህ ግን አባሪ የሚባል ነገር የለም። ማስረጃው ጽሑፉ ራሱ ነው። እሷ የላከችው ጥያቄውን ነው። አባሪው አገር ቤት ቀርቷል።

«ኢትዮጵያ እያለሽ ምን ትሠሪ ነበር?» አልኳት በስልክ።

«ምንም። ጤና ኤክስቴንሽን ነበርኩ።»

ያ «ምንም» እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ለማያውቅ ላስረዳ። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረ ነው። ከየአካባቢው የተመረጡ ሴቶች አንድ ዓመት ያህል ይሠለጥኑና በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው ይመደባሉ። መቀመጫቸው ጤና ኬላ ነው። ግን አብዛኛው ሥራ እግር ነው። ቤት ለቤት መሄድ፣ ክትባት መስጠት፣ ነፍሰ ጡሮችን መከታተል፣ የሕፃናትን ክንድ በሜትር ለክቶ ምግብ ያነሰውን መለየት፣ ወባ መመርመር፣ ሽንት ቤት እንዲቆፈር ማሳመን። ከ30,000 በላይ ሴቶች በዚህ ሥራ ተሰማርተዋል። ኢትዮጵያ ውስጥ የሕፃናት ሞት የቀነሰበት ጉዳይ ሲነሳ የእነዚህ ሴቶች ስም አብሮ ይነሳል። ይህች እህት ሰሜን ሸዋ ውስጥ ስድስት ዓመት ይህን ሠርታለች። ከዚያም ለንደን መጥታ «ምንም» አለች።

ፎርሙ ላይ የሥራ ልምድ በሚለው ቦታ በአንድ መስመር አስፍራዋለች። ሳጥኑ ውስጥ ግን አንድ ቃል የለም። «የእነሱ አይደለማ፣ እዚህ አይቆጠርም ብዬ ነው» አለችኝ።

ከጠረጴዛው ማዶ

እኔ ማመልከቻ ከሚመርጡት ጋር የተቀመጥኩባቸው ጊዜያት አሉ። ስለዚህ ከማዶ ያለውን ልንገራችሁ። ይህን ማወቅ ግማሽ ሥራ ነው።

በእኛ ክፍል ሁለት ሰው ለየብቻ ያነባል። ነጥብ ይሰጣል፤ ከዚያ ይመሳከራል። ከፊታችን ፐርሰን ስፔሲፊኬሽን የሚባል ሰንጠረዥ አለ። ከሥራ ማስታወቂያው ጋር አብሮ ይወጣል፤ ማንም ሊያወርደው ይችላል። ግዴታ የሆኑት መስፈርቶች በአንድ በኩል፣ ቢኖሩ የሚመረጡት በሌላ በኩል ተጽፈዋል። ብዙ ጊዜ ከየመስፈርቱ ጎን በምን እንደሚታይ ይጠቀሳል፤ በማመልከቻው፣ በቃለ መጠይቁ ወይም በሁለቱም። እኛ የምናደርገው ከጽሑፉ ውስጥ ለእያንዳንዱ መስመር መልስ መፈለግ ነው። ካላገኘን ዜሮ። አለኝ ብሎ ብቻ ከነገረን ትንሽ። ሠርቶ ካሳየን ሙሉ።

አሁን ወደ እሷ ጽሑፍ ተመለሱ። «ታታሪ ነኝ» የቱ መስመር ላይ ይገባል? የትም። ታታሪነት ሰንጠረዡ ላይ የለም። ያለው «ሰውን የመንከባከብ ልምድ፣ በክፍያ፣ በበጎ ፈቃድ ወይም በቤተሰብ» ነው። ያለው «ምስጢር መጠበቅ ለምን እንደሚያስፈልግ መረዳት» ነው። ያለው «ግልጽ መዝገብ መያዝ መቻል» ነው። ስድስት ዓመት መዝገብ የያዘች ሴት በመዝገብ መስመር ላይ ዜሮ አግኝታለች። አንባቢዎቹ ክፉ ሆነው አይደለም። ከቁጥር በላይ ማመልከቻ አለባቸው፤ ያልተጻፈውን ገምተው ነጥብ መስጠት ደግሞ አይፈቀድላቸውም።

እሷ ሌላ ጥርጣሬ ነበራት። «ስሜን እያዩ የሚጥሉኝ መሰለኝ» አለችኝ። ብዙዎቻችን እንዲህ እናስባለን። በኤን ኤች ኤስ የማመልከቻ ሥርዓት በዚህ ደረጃ ላይ መራጮቹ ስም አያዩም። የሚያዩት ቁጥር ነው። አድልዎ የለም እያልኩ አይደለም። ነጭ አመልካቾች ከተመረጡ በኋላ የመቀጠር ዕድላቸው ከሌሎቹ እንደሚበልጥ ኤን ኤች ኤስ ራሱ የሚያወጣው ሪፖርት ያሳያል። ያ እውነተኛ ቁስል ነው። እሷን 11 ጊዜ የጣላት ግን ሳጥኑ ነው። ይህን ስነግራት ተከፋች ብዬ ፈራሁ። ቀለል ያላት መሰለኝ። ስሟን መቀየር አትችልም፤ ሳጥኑን ግን ትችላለች።

ቅዳሜ ከሰዓት

ቤቴ መጣች፤ ልጇን ይዛ። ቡና አፈላሁ። የ12ኛውን ማስታወቂያ ሰንጠረዥ አትሜ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ግዴታ የሆኑት ዘጠኝ ናቸው። «በእያንዳንዱ ፊት ለፊት አንድ ቀን የሠራሽውን ነገር ጻፊ። በአማርኛ ይሁን። እንግሊዝኛው ኋላ ይደርሳል» አልኳት።

ግማሽ ሰዓት ሙሉ እስክሪብቶ ይዛ ተቀመጠች። የጻፈችው ሁለት መስመር ነው። «እኛ ለኅብረተሰቡ የጤና ትምህርት እንሰጥ ነበር። እኛ ክትባት እንሰጥ ነበር።»

«እኛ ማለት ስንት ሰው ነው?» አልኳት።

«ሁለት ነን። ግን ጓደኛዬ ወልዳ ሦስት ወር አልነበረችም።»

«በዚያ ሦስት ወር ክትባቱን ማን ሰጠ?»

ፈገግ አለች። «እኔ።»

«መዝገቡንስ ማን ያዘ?»

«እኔ።»

«ለወረዳ ሪፖርቱንስ?»

«እኔ ነኛ!»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የነገሩ ቁልፍ እዚህ ነው። እኛ ያደግነው «እኔ» ማለት በሚያሳፍርበት ቤት ነው። «እኔ ይህን ሠራሁ» የሚል ልጅ ልታይ ልታይ ይላል ይባላል። ጥሩ ሰው ሥራውን ሠርቶ ዝም ይላል፤ ሌላ ሰው ያመሰግነዋል። ይህ ወግ ቆንጆ ነው። አብሮ ለመኖር ይጠቅማል፤ ልጆቼም እንዲይዙት እፈልጋለሁ። የማመልከቻ ሳጥን ውስጥ ግን ሌላ የሚያመሰግን ሰው የለም። «እኛ» የሚለውን ያነበበ መራጭ ከዚያ ውስጥ የአንቺ ድርሻ የቱ እንደሆነ ማወቅ አይችልም። ስለዚህ ይዘለዋል።

«ራስን ማመስገን መሰለኝ» አለችኝ።

«ምስጋናውን ተዪው። ጎበዝ ነኝ አትበዪ። ያደረግሽውን ብቻ ንገሪያቸው። ፍርድ ቤት ቆመሽ ምስክርነት እንደምትሰጪ አስቢው። ምስክር ያየውን ይናገራል እንጂ አይኩራራም።»

ይህ ገባት። ምስክርነት የምታውቀው ነገር ነው። ከዚያ በኋላ ጠያቂ ሆንኩ፤ እሷ ተናገረች፤ እኔ ጻፍኩ። አንድ ታሪክ ወጣ።

መዝገቡን ስታገላብጥ የመጀመሪያውን ፔንታ ወስዶ ለሁለተኛው ያልመጣ ሕፃን አየች። ፔንታ አምስት በሽታዎችን የሚከላከል ክትባት ነው፤ ሕፃኑ 6፣ 10 እና 14 ሳምንት ሲሆነው ይሰጣል። ሕፃኑ ቀኑ አልፎታል። ከአንድ ሰዓት በላይ በእግሯ ሄደች። የእናትየዋ አማት በር ላይ ቆመው «ያ መርፌ ልጃችንን አንድዶት ነበር። ሁለተኛ አናመጣውም» አሏት። አልተከራከረችም። ገብታ ተቀመጠች። ትኩሳቱ መቼ ጀመረው፣ ስንት ቀን ቆየ፣ ጡት ጠባ ወይ ብላ ጠየቀች። ከክትባት በኋላ እንዲህ ያለ ትኩሳት እንደሚያጋጥም፣ ምን ሲሆን ደግሞ ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ እንደሚገባ አስረዳች። ቡና ተፈላ፤ ጠጣች፤ ተመለሰች። ከሦስት ቀን በኋላ እናትየዋ ራሷ ሕፃኑን አዝላ መጣች።

«ከዚያስ?» አልኳት።

«ከዚያማ ለሁሉም እናቶች ከመርፌው በፊት ስለ ትኩሳቱ መንገር ጀመርኩ። ኋላ እንዳይደነግጡ።»

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። አራት መስፈርት በአንድ ታሪክ ተመልሷል። መዝገብ ማንበብ አለ። ከሚፈራ ሰው ጋር መነጋገር አለ። ሰውን ማክበር አለ። ከዚያም ከሆነው ተምሮ አሠራር መቀየር አለ። «ከሰዎች ጋር ተግባብቼ መሥራት እወዳለሁ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ተቀብሮ የነበረው ይህ ሁሉ ነው።

እንግሊዞቹ እንዲህ ያለውን ታሪክ ለመጻፍ ስታር የሚሉት ዘዴ አላቸው። ሁኔታው ምን ነበር፣ ያንቺ ኃላፊነት ምን ነበር፣ ምን አደረግሽ፣ ምን ውጤት መጣ። ጠቃሚ ነው። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሁኔታውን በሁለት ዐረፍተ ነገር ጨርሺው። የእኛ ሰው መግቢያ ይወዳል። ስለ ቀበሌው፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ዘመኑ ጽፎ ጽፎ «ምን አደረግሽ» ላይ ሲደርስ ይደክመዋል። እሷም የመጀመሪያውን ረቂቅ እንዲያ ነበር የጀመረችው። ሰፊውን ቦታ ለድርጊቱ ስጡት።

መወልወያው

ያን ጊዜ ለንደን ውስጥ የሆስፒታል ጽዳት ትሠራ ነበር። ስለዚህ ሥራዋ ግን መጻፍ አልፈለገችም። «ጽዳት መሆኔን ካወቁ ይንቁኛል» አለች። እኔ ደግሞ ከሁሉም በፊት መጻፍ ያለበት እሱ ነው አልኳት። በየቀኑ ከበሽተኛ አጠገብ ትውል ነበር።

«መወልወያዎቹ ለምን ቀለማቸው ይለያያል?» ብዬ ጠየቅኳት።

ሳታስብ መለሰች። ቀዩ ለመጸዳጃና ለመታጠቢያ። ሰማያዊው በሽተኛ ለሚተኛበት ዋርድና ለቢሮ። አረንጓዴው ለምግብ ቦታ። ቢጫው ተላላፊ በሽታ ያለበት ተለይቶ ለሚተኛበት ክፍል። አንዱን በአንዱ ቦታ መጠቀም ጀርም ማዞር ነው። ይህ በመላው ኤን ኤች ኤስ የሚሠራበት የቀለም ሥርዓት ነው። ሰንጠረዡ ላይ «ኢንፌክሽን ስለ መከላከል መሠረታዊ ግንዛቤ» የሚል መስመር አለ። ባዶ ትታው ነበር።

ሌላም ነገረችኝ። አንድ ማለዳ እየወለወለች ሳለ አንድ ሽማግሌ ከአልጋ ሊወርዱ ሲሞክሩ አየች። ግራ ተጋብተዋል፤ እግራቸው ይንቀጠቀጣል። ደግፋ ልታነሳቸው ፈለገች፤ ግን ለዚያ አልሠለጠነችም። ደወሉን ተጫነች። እርጥቡን ወለል እንዳይረግጡ ባልዲዋን ወደዚያ ገፋች። ነርሷ እስክትመጣ አጠገባቸው ቆማ ስለ ልጃቸው እያወራች አቆየቻቸው። ነርሷ ስትደርስ ያየችውን ነገረቻት።

እሷ ይህን «ምንም አላደረግኩም፣ ደወልኩ እንጂ» ብላ ነው የነገረችኝ። ለእኛ ለሆስፒታል ሰዎች ግን የሚፈለገው ይኸው ነው። ያልሠለጠነ ሰው ሽማግሌ አነሳለሁ ብሎ ሁለቱም ሲወድቁ አይተናል። የማይችለውን አውቆ የሚችለውን በትክክል የሚያደርግ ሰው ባልደረባዬ ቢሆን ደስ ይለኛል። በጽሑፉ ውስጥ ይህ ሙሉ አንቀጽ ሆነ።

ስለ ምስጢር መጠበቅም የራሷ ነገር ነበራት። በትንሽ ቀበሌ ሁሉም ይተዋወቃል። ቡና ላይ «የእገሌ ምርመራ ምን አለ?» ተብላ ተጠይቃ «እሱን እሷን ጠይቁ» ብላ ወሬውን ቀይራለች። አጭር ናት፤ ግን ታሳያለች። ይህን ስትጽፍ የሰው ስምና መለያ እንዳታስገባ ነገርኳት። ምስጢር እጠብቃለሁ እያሉ በዚያው ጽሑፍ የበሽተኛ ስም የሚጠቅሱ ማመልከቻዎች አንብቤያለሁ።

ልጇን ወልዳ ቤት የተቀመጠችበት ሁለት ዓመት ያሳስባት ነበር። አንድ ዐረፍተ ነገር ጻፍንለትና አለፍን።

እንግሊዝኛው

ዘጠነኛውን ማመልከቻ የወንድሟ ልጅ በኤአይ አስጽፎላት ነበር። እሱንም አነበብኩት። እንግሊዝኛው እንከን የለውም። ግን እሷ ውስጡ የለችም። «ርኅራኄን ከልቤ የማምንበት» የሚሉ ትላልቅ ቃላት ተደርድረዋል። እኛ መራጮች ያንኑ ዐረፍተ ነገር ከአስር ሰው እናነባለን፤ ሰልችቶናል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ቃለ መጠይቅ ላይ ነው። የጻፍሽውን ይጠይቁሻል። ያልኖርሽውን ማብራራት አትችዪም። ኤአይ ፊደል ቢያርምልሽ ቅር አይለኝም። ሕይወትሽን ግን አያውቅም።

ስለዚህ እሷ ራሷ ጻፈችው። በአጫጭር ዐረፍተ ነገር፣ በምታውቃቸው ቃላት። ጤና ኤክስቴንሽን ምን እንደሆነ እንግሊዛዊ ስለማያውቅ በአንድ መስመር አስረዳች፤ መንግሥት ቀጥሮ በገጠር የሚያሠማራው፣ የሠለጠነ የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኛ። እኔ ሰዋስው ብቻ አስተካከልኩ። ጽሑፉ በሰንጠረዡ ቅደም ተከተል ሄደ፤ ለየመስፈርቱ አጭር ርዕስ ተሰጠው። መራጭ በጣቱ እየተከተለ ምልክት እንዲያደርግ ማለት ነው። የኤን ኤች ኤስን እሴቶች ስም እየጠራች እንድትደረድር አላደረግኩም። የአማቲቱ ታሪክ አክብሮትን ራሱ ይናገራል። መጨረሻው ላይ «በታላቅ ትሕትና» የሚለውን ልትጨምር ፈለገች። ተዪው አልኳት። ተወችው። ሁለት ቅዳሜ ፈጀብን። 1,000 ቃል አካባቢ ሆነ።

12ኛውና 13ኛው

12ኛውም ወደቀ።

ይህን መደበቅ አልፈልግም። እሷ አለቀሰች፤ እኔም አፈርኩ። ሁለት ቅዳሜ አስደክሜያታለሁ። ግን በዚህ ጊዜ ኢሜይሉ ሥር ግብረ መልስ መጠየቅ እንደሚቻል የሚገልጽ መስመር ነበረ። በፊትም ነበረ፤ ጠይቃ አታውቅም። «አይሰጡኝም፣ ይባስ ይጠሉኛል» ትላለች። ሁለት መስመር ጻፈች። ከአሥር ቀን በኋላ መልስ መጣ። የእንክብካቤ ልምዷ ጥሩ ነጥብ አግኝቷል። የጠፋው የማንበብ፣ የመጻፍና የሒሳብ ችሎታን የሚያሳየው ግዴታ ነው። ምንም ማስረጃ አላየንም ይላል።

ሰንጠረዡን ዳግም አወጣነው። የመጀመሪያው መስመር ላይ ነው ያለው። «ትምህርት» በሚለው ሥር ስለሆነ ሁለታችንም ፎርሙ ላይ ተሞልቷል ብለን አለፍነው። ስህተቱ የእኔ ነው። እኔ ነኝ ከማዶ ተቀምጬ የማውቀው። ግዴታ ከሆኑት አንዱ ዜሮ ከሆነ የሌላው ሙሉ ነጥብ አያድንም።

«ጤና ኬላ ላይ ከቁጥር ጋር ምን ታደርጊ ነበር?» አልኳት።

ክትባቱን ከጤና ጣቢያ በበረዶ በተሞላ ሳጥን ታመጣለች። ሙቀቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መካከል መሆን አለበት። ታነበዋለች፤ ትጽፈዋለች። ስንት ዶዝ መጣ፣ ስንት ተሰጠ፣ ስንት ባከነ ብላ ታመሳክራለች። በወሩ መጨረሻ ሪፖርቱን ደምራ ትልካለች፤ ካልገጠመ ይመለስባታል። ስድስት ዓመት። ሆስፒታል ውስጥ የበሽተኛ ሙቀት አንብቦ ቻርት ላይ ከማስፈር ጋር ምን ልዩነት አለው? አምስት ዐረፍተ ነገር ጨመርን። አሁን የማታ የእንግሊዝኛና የሒሳብ ኮርስ መመዝገቧንም ጻፈች፤ እውነትም ተመዝግባ ነበር።

13ኛው ማስታወቂያ ከወጣ በሁለተኛው ቀን ላከችው። ይህም ትንሽ የማትመስል ጉዳይ ናት። ብዙ ማመልከቻ ከመጣ ማስታወቂያው ከተባለው ቀን በፊት ሊዘጋ ይችላል። ለዚህም ነው መሠረቱን አስቀድሞ ማዘጋጀት የሚያስፈልገው። ግን እንዳለ አልላከችውም። የዚህኛው ዋርድ አረጋውያን የሚተኙበት ስለሆነ የሽማግሌውን ታሪክ ወደ ላይ አወጣችው፤ የክትባቱን ዝቅ አደረገችው።

ኅዳር መጨረሻ ላይ ሥራ ቦታ እያለሁ ደወለች። «እትዬ፣ ጠሩኝ።»

ቃለ መጠይቁ ላይ ሁለት ሰዎች ነበሩ። ከጥያቄዎቹ አንዱ እርዳታ አልቀበልም ያለ ሰው አጋጥሟት ያውቅ እንደሆነ ነው። አማቲቱን ተረከችላቸው። አንደኛዋ «ከዚያ በኋላ ምን ቀየርሽ?» ብላ ጠየቀቻት። መልሱን ማስታወስ አላስፈለጋትም፤ የራሷ ነው። እንግሊዝኛዋ ሁለት ቦታ ተሰናክሏል። ቆም ብላ ደግማ ተናገረች። ከአራት ቀን በኋላ ሥራውን ሰጧት።

ከዚያ በኋላ ያለው ወረቀት ነው። የወንጀል ነፃ ማረጋገጫው፣ የጤና ምርመራው፣ ምስክር የሚሆኑ ሰዎች። አንዷ ምስክር የጽዳት አለቃዋ ሆነች። ልትደብቀው የነበረው ሥራ እዚህም ቆመላት። የካቲት ላይ ጀመረች።

ባለፈው ሳምንት መልእክት ላከችልኝ። ሆስፒታሏ ናርሲንግ አሶሺዬት ለሚባለው፣ በነርስ ረዳትና በነርስ መካከል ላለው ሙያ ሠራተኞቹን እያሠራ ሊያስተምር ማስታወቂያ አውጥቷል። ሰንጠረዡን አትማ ፎቶ አንስታዋለች። ከየመስመሩ ጎን በእስክሪብቶ ጽፋለች፤ ቀን፣ ቦታ፣ ምን እንዳደረገች። ሦስት መስመር ባዶ ነው። «ለእነዚህ ቅዳሜ እመጣለሁ፤ ቡናውን እኔ ይዤ ነው የምመጣው» ይላል ከፎቶው ሥር።